የሜፕል ሽሮፕን በቤት ማዘጋጀት፦ ዛፉን ከመብሳት እስከ ጠርሙስ መክደን

አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት አርባ ሊትር ገደማ የዛፍ ውሃ ያስፈልጋል። ሠላሳ ዘጠኙ ሊትር ተን ሆኖ ይሄዳል። በዚህ ሥራ ያየሁት ውድቀት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ቁጥር አቅልሎ ከማየት የመጣ ነው፦ አንዱ በትንሽ ድስት ይጀምራል፤ ሌላው ቤት ውስጥ ያፈላል፤ አንዳንዱ ማገዶው በመንገድ ያልቅበታል፤ ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ታግሦ በመጨረሻዋ አሥር ደቂቃ ስልክ ሊያነሳ ሄዶ ያሳርረዋል። እኔ አራቱንም አድርጌአለሁ።

መመሪያው በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ማለትም በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲን፣ በኦሃዮ፣ በኒው ዮርክ፣ በቶሮንቶና በመሳሰሉት ለሚኖሩና በግቢያቸው የሜፕል ዛፍ ላላቸው አንባቢዎች ነው። ቀኖቹን የምጠቅሰው በምኖርበት በሚኒሶታ ልክ ስለሆነ ወደ ደቡብ ያላችሁ ቀደም አድርጉ።

ሁለት ቃላት ላስተዋውቅ። ከግንዱ የሚወርደውን «የዛፍ ውሃ» እለዋለሁ፤ ሲወርድ ከውሃ አይለይምና። ቀለም የለውም፣ አይጣበቅም፣ ጣፋጭነቱም እምብዛም አይታወቅም። ሙጫ አይደለም። እንደ ዕጣን ዛፍ የሚያዥና የሚረጋ ነገር የጠበቀ አንድ ወዳጄ የመጀመሪያውን ባልዲ «በረዶ ቀልጦ ገባበት» ብሎ ደፍቶታል። ወደ ቀዳዳው የምትገባውን አጭር ቱቦ ደግሞ «ቀሰም» እላታለሁ።

ደረጃ 1፦ ዛፉን ቅጠሉ ሳይረግፍ ለዩት

በክረምት ራቁቱን የቆመ ዛፍ ሁሉ አንድ ይመስላል። ስለዚህ ቅጠል ሳለ ለዩና ግንዱ ላይ ሪባን እሰሩ።

1. ቅርንጫፎቹን ተመልከቱ። የሜፕል ቅርንጫፎችና እምቡጦች ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይበቅላሉ። አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ የሚወጣ ከሆነ ዛፉ ሜፕል አይደለም።

2. ቅጠሉን ተመልከቱ። የስኳር ሜፕል ቅጠል አምስት ጣት አለው፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ጠርዝ ለስላሳ ነው። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ቀይ ሜፕል ነው። በጥልቀት የተሰነጣጠቀና ከሥሩ ነጣ ያለ ከሆነ የብር ሜፕል ነው። የቅጠሉን እግር ስትቆርጡት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣው የኖርዌይ ሜፕል ነው።

አራቱም ይሠራሉ፤ ልዩነቱ በስኳሩ መጠን ነው። የስኳር ሜፕል ውሃ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሁለት እጅ ወይም ከዚያ በላይ ስኳር ይይዛል፤ የሌሎቹ ዝቅ ይላል። ቀላል ሂሳብ አለ፦ 86ን ለስኳሩ መቶኛ አካፍሉ። 2 ከሆነ ለአንድ ሊትር ሽሮፕ 43 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ 3 ከሆነ 29፤ 1.5 ከሆነ 57። ምርጫ ካላችሁ የስኳር ሜፕሉን ውሰዱ፤ ምርጫ ከሌላችሁ ማገዶ ጨምሩ።

3. ግንዱን ለኩ። ደረታችሁ ከፍታ ላይ፣ ከመሬት 1.4 ሜትር ያህል፣ በሜትር ዙሩት። ዙሪያው ከ95 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተዉት፤ ገና ልጅ ነው። ከ95 እስከ 140 ከሆነ አንድ ቀዳዳ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቢበዛ ሁለት። ዛፉ የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን ሦስተኛ አትጨምሩ።

4. የታመመውን እለፉ። ጫፉ የደረቀ፣ ግንዱ የተሰነጠቀ ወይም እንጉዳይ ያበቀለ ዛፍ አይበሳም። ጸረ ተባይ መድኃኒት የተረጨ ወይም የተወጋ ዛፍም እንዲሁ።

5. ባለቤቱን አረጋግጡ። ከአጥራችሁ ውጭ፣ በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል የቆመው ዛፍ ብዙውን ጊዜ የከተማው ነው። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ወቅቱ ሳይደርስ አሰናዱ

ውሃው መውረድ ሲጀምር ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ሰው የወቅቱን ምርጥ ሳምንት ያጣል። እስከ የካቲት አጋማሽ እነዚህ በእጃችሁ ይሁኑ፦

ቀሰም፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ። ፕላስቲክም ብረትም ይሸጣል፤ ስፋቱ 8 ወይም 11 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሹን ምረጡ፤ ለዛፉ ቁስሉ ያንሳል።

መሰርሰሪያና ለቀሰሙ ልክ የሆነ አዲስ ፑንታ። የዶለዶመ ፑንታ እንጨቱን ያፈራርሰዋል፣ የተፈራረሰ ቀዳዳም ያፈሳል። ፑንታው ላይ ከጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ጥልቀቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ክዳን ያለው ባልዲ፤ ለምግብ ከተፈቀደ ፕላስቲክ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ቢያንስ 8 ሊትር የሚይዝ። ቀለም ወይም ኬሚካል ተይዞበት የነበረ ባልዲ አሥር ጊዜ ቢታጠብም አይሆንም። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚገዙት ያማሩ የቆርቆሮ ባልዲዎችም ለጌጥ ይቀመጡ፤ ብዙዎቹ መገጣጠሚያቸው በእርሳስ የተበየደ ነው።

ሰፊና ዝቅ ያለ የማይዝግ ብረት መጥበሻ። ሆቴሎች ምግብ በትኩሱ ለማቆየት የሚጠቀሙባቸው አራት ማዕዘን ትሪዎች፣ ጥልቀታቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑት፣ የተመቹ ናቸው። ውሃ የሚተነው ከላይኛው ገጽ ነው፤ ረጅም ጠባብ ድስት ቀኑን ሙሉ ሊያስቆማችሁ ይችላል።

ትክክለኛ ቴርሞሜትር፣ ከሱፍ የተጠቀጠቀ የሽሮፕ ማጥለያና የወረቀት ገበሩ፣ ጭልፋ፣ ክዳናቸው የሚጠብቅ የብርጭቆ ጠርሙሶች። ከአንድ ወቅት በላይ የምትሠሩ ከሆነ የሽሮፕ ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ሽሮፑ ላይ እየተንሳፈፈ የስኳሩን መጠን የሚለካ መሣሪያ፣ ግዙ።

ማገዶ፦ ከምትገምቱት እጥፍ። የደረቀና ከክንድ በቀጠነ መጠን የተፈለጠ ይሁን። ወፍራም ጉማጅ ለፍም ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን የሚያስፈልገው ነበልባል ነው።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ከቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ከሰማይ አንብቡ

ውሃውን የሚገፋው ውርጭና ሙቀት መፈራረቃቸው ነው። ሌሊት ሲበርድ ዛፉ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና ውሃ ከሥር ይሳባል፤ ቀን ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምርና ባገኘው ቀዳዳ ይፈሳል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 4 እስከ 7 ዲግሪ፣ ቀኑ ከዜሮ በላይ 4 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ባልዲው ይሞላል። ሌሊቱም ቀኑም ከበረደ አንድ ጠብታ አይወጣም፤ ሌሊቱም ቀኑም ከሞቀ ደግሞ ይቆማል።

በሚኒሶታ ይህ ብዙውን ጊዜ መጋቢትን ይዞ ይመጣል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። የአሥር ቀኑን የአየር ትንበያ ዕለት ዕለት ተመልከቱ፤ ከዜሮ በላይና በታች የሚፈራረቁ ሦስት አራት ቀናት ተከታትለው ሲታዩ ብሱ። በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ሞቀ ብሎ መቸኮል ኪሳራ ነው፤ ቀዳዳው ከተበሳ ጀምሮ ዛፉ ቁስሉን ለመዝጋት ይሠራል፤ እናንተ ዋናውን ወቅት ስትጠብቁ ቀዳዳው እየደረቀ ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ መብሳት

ከዜሮ በላይ በሆነ ቀን፣ ከረፋዱ በኋላ ሥሩ። የቀዘቀዘ እንጨት ቀሰሙ ሲመታበት ይሰነጠቃል።

1. ቦታ ምረጡ። ከመሬት ከ60 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር፣ ከትልቅ ሥር በላይ ወይም ከወፍራም ቅርንጫፍ በታች። ካለፉት ዓመታት ጠባሳ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ራቁ። ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ቶሎ ይፈሳል፤ ነገር ግን በየዓመቱ ያንኑ ጎን አትብሱ።

2. ፑንታውንና ቀሰሙን በፈላ ውሃ አጽዱ።

3. ትንሽ ወደ ላይ አዘንብላችሁ ሰርስሩ፤ ውሃው በራሱ ክብደት እንዲወርድ። ፕላስተሩ ቅርፊቱን ሲነካ አቁሙ። ቅርፊቱ በጣም ወፍራም ከሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምሩ።

4. የወጣውን ብናኝ ተመልከቱ። ነጭ ወይም ክሬም ከሆነ ሕያው እንጨት ነው። ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነ የሞተ ክፍል አግኝታችኋል። ውሃ አይሰጥም፤ ጥልቀት በመጨመርም አይድንም።

5. ቀዳዳውን በአፋችሁ አትንፉ። ብናኙን በንጹሕ ቀጭን እንጨት ጥረጉ። የአፍ ተሕዋስያን ቀዳዳውን ቶሎ ያዘጉታል።

6. ቀሰሙን በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ድምፁ ከባዶነት ወደ ድፍንነት ሲለወጥ ይበቃል። አንድ ምት መጨመር የሚያምራችሁ ያኔ ነው፤ አትጨምሩ።

7. ባልዲውን ስቀሉና ክደኑ።

ቀሰሙ ዙሪያውን ቢያፈስ፦ በጣም ላላ ገብቶ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት። አሁንም ካፈሰሰ እንጨቱ ተሰንጥቋል፤ ያገኛችሁትን ተቀበሉ እንጂ እዚያው አጠገቡ ሌላ አትብሱ።

ምንም ካልወረደ፦ የዕለቱን ሙቀት ተመልከቱና ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። መፍትሔው ዛፉን ወንፊት ማድረግ አይደለም።

ደረጃ 5፦ መሰብሰብና ማቆየት

የዛፍ ውሃን እንደ ወተት ቁጠሩት። የሚበላሸው ልክ እንደ ወተት ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን እንደ ውሃ ያየዋል።

በየቀኑ ሰብስቡ። በጥሩ ቀን አንድ ቀዳዳ ከ4 ሊትር በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ በወቅቱ ሁሉ ደግሞ 40 ሊትር ገደማ። በንጹሕ ሻሽ አጥልላችሁ ወደ ጀሪካን ገልብጡ፤ ቅርፊትና ነፍሳት መግባታቸው አይቀርም። ከ4 ዲግሪ በታች አቆዩት። ቤታችሁ በሰሜን በኩል በረዶ ከተከመረ ጀሪካኑን እዚያ ውስጥ ቅበሩት፤ ከማቀዝቀዣም ይበልጣል። ከሰባት ቀን አታሳልፉ፤ በሁለት ሦስት ቀን ብታፈሉት ሽሮፑ ነጣ ያለና ጣዕሙ የጠራ ይሆናል።

ጠዋት ባልዲው ላይ በረዶ ካገኛችሁ በደስታ አውጥታችሁ ጣሉት። በረዶ የሆነው በብዛት ውሃው ነው፤ ስኳሩ ከሥር በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ሌሊቱ የእናንተን ማገዶ ቆጥቦላችኋል።

ውሃው ደፍርሶ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ወተትነት ካደላ፣ ከተዝለገለገ ወይም ከጎመዘዘ ድፉት። ማፍላት ጣዕሙን አይመልሰውም።

ደረጃ 6፦ ማፍላት

ውጭ አፍሉ። ይህን ሕግ የሚጥስ ሁሉ «እኔ ትንሽ ነው የማፈላው» ይላል። እኔም ብያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሊትር ያህል በኪራይ ቤቴ ማድቤት አፈላሁ፤ ማታ ላይ መስኮቱ ያለቅሳል፣ ከካቢኔው በላይ ያለው ቀለም ተልጦ ተንጠልጥሏል፣ ማስያዣዬም ከዚያ ጋር ሄደ።

ምድጃውን እንዲህ ሥሩ፦ ከቤት፣ ከአጥርና ከዛፍ ቅርንጫፍ በራቀ ደልዳላ መሬት ላይ ብሎኬት በሦስት ጎን ደርድሩ፤ አንዱን ጎን ለማገዶ ክፍት ተዉት፤ ከኋላ ለጭስ ጠባብ ክፍተት ይኑረው። መጥበሻው ጠርዞቹ በብሎኬቱ ላይ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ። በጋዝ ሲሊንደርም ይሠራል፣ ግን ለአርባ ሊትር የሚወስደው ጋዝ የሽሮፑን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በከሰል ሆነ በጋዝ፣ ጋራዥ ውስጥ አታፍሉ፤ ሽታ የሌለው የጭስ ጋዝ ሰው ይገድላል። በግቢ እሳት ማንደድ ፈቃድ የሚጠይቅባቸው ከተሞች ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

1. መጥበሻውን እስከ ግማሹ ሙሉና እሳት አንድዱ። ባዶ መጥበሻ እሳት ላይ አይቀመጥም።

2. በኃይል ይፍላ። እዚህ ቀስ ብሎ ማብሰል የሚባል ነገር የለም፤ ወጥ እየሠራችሁ አይደለም። በየአሥር ደቂቃው ቀጭን ፍልጥ ጨምሩ።

3. ውሃው ሲቀንስ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ቀዝቃዛውን በአንድ ጊዜ ብትገለብጡት መፍላቱ ይቆማል፤ እንደገና እስኪፈላ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። የሚጨመረውን በጎን በሌላ ድስት አሙቁት።

4. የሚጨመር ውሃ እስካለ ድረስ ጥልቀቱ ከ4 ሳንቲ ሜትር በታች እንዲወርድ አትፍቀዱ። መጥበሻ የሚያርረው ሲሳሳ ነው፤ የሚሳሳው ደግሞ ሻይ ልትጠጡ ስትገቡ ነው። ሁለት ሰው ሆናችሁ ተራ ግቡ።

5. አረፋውን በጭልፋ ግፈፉ። ገንፍሎ ከሄደ አንድ ጠብታ ስብ ጣል ስታደርጉበት ወዲያው ይተኛል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚመለከት ነገር አለ። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ «ትንሽ ቅቤ» ይላሉ። ይህ ወቅት ግን ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ያችን ቅንጣት ቅቤ ጨምሮ ለጾመኛ ጎረቤት ሽሮፕ የሰጠ ሰው ሳያውቅ አስገድፏል። አንድ ጠብታ የአትክልት ዘይት ያንኑ ሥራ ይሠራል። የለውዝ ዘይት ግን ይቅር፤ ለአለርጂ አደገኛ ነው።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? 30 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ መጥበሻ በጥሩ እሳት በሰዓት ከ4 እስከ 6 ሊትር ያተናል። አርባ ሊትር ማለት ሙሉ ቀን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ካልጀመራችሁ ለነገ አሳድሩት። ከመሸም እሳቱን አጥፍታችሁ፣ የቀረውን አቀዝቅዛችሁና ከድናችሁ በማግሥቱ መቀጠል ይቻላል።

6. የሚጨመረው ውሃ ሲያልቅ ከአጠገቡ አትለዩ፤ ወደ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ሲደርስ አቁሙ። ቀለሙ ወደ ሻይ አድልቷል፣ ሽታውም መጥቷል። መጥበሻውን ለሁለት ሆናችሁ አንሡ፤ በወፍራም ጓንት፣ ልጆች በሌሉበት። በሻሽ እያጠለላችሁ ወደ ወፍራም ድስት ገልብጡ። መጥበሻው ከተነሣ በኋላ ፍሙ ከሥሩ እንዳለ አትርሱ፤ ባዶውን መልሳችሁ ከጫናችሁት ይጣመማል።

ደረጃ 7፦ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት

አሁን ወደ ማድቤት ግቡ፤ የቀረው ተን ጥቂት ነው። ስልካችሁን ሌላ ክፍል ተዉት።

በመጀመሪያ ቴርሞሜትሩን መርምሩ። ሽሮፕ ደረሰ የሚባለው ውሃ ከሚፈላበት በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት በ7 ዲግሪ፣ ከፍ ሲል ነው። ውሃ የሚፈላበት ዲግሪ ግን በየቦታው አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱን ብታስታውሱ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከፍታው ያወርደዋል። የዕለቱ የአየር ግፊትም ትንሽ ይለዋውጠዋል። ስለዚህ በሌላ ድስት ንጹሕ ውሃ አፍሉ፣ ቴርሞሜትሩን ንከሩና ቁጥሩን ጻፉ። 99 ካለ ሽሮፓችሁ በ103 ይደርሳል። ቴርሞሜትሩ ራሱ ስሕተት ቢኖረው እንኳ ስሕተቱ በሁለቱም ልኬት ላይ ስለሚገባ ችግር የለውም። ከመጽሐፍ ያገኙትን 104 የሙጥኝ ብለው የሚያሳርሩት ይህን አምስት ደቂቃ የሰሰቱ ናቸው።

1. በመካከለኛ እሳት አፍሉ። ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሙላ፤ አረፋው እጥፍ ይሆናል።

2. ቴርሞሜትሩ የድስቱን ታች ሳይነካ ፈሳሹ ውስጥ ይግባ።

3. መጀመሪያ ላይ ዲግሪው የቆመ ይመስላል። አትታለሉ። ከሁለት ዲግሪ ጭማሪ በኋላ አረፋው ደቃቅና ወርቃማ እየሆነ ይነሣል፤ የመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣሉ። እሳቱን ዝቅ አድርጉ።

4. በጭልፋ ፈትኑ። ጭልፋውን ነክራችሁ በጎኑ ያዙት። ጠብ ጠብ ካለ ገና ነው። ጠብታዎቹ ጠርዙ ላይ ተያይዘው እንደ መጋረጃ ሰፍተው ከወደቁ ደርሷል። ሽሮፕ ትኩስ ሳለ ከማር በጣም ይቀጥናል፤ እንደ ማር እስኪወፍር የሚጠብቅ ሰው ሲቀዘቅዝ ስኳር ያገኛል።

5. ሃይድሮሜትር ካላችሁ የመለኪያ ብርጭቆውን በትኩስ ሽሮፕ ሙሉና ሃይድሮሜትሩን ወዲያው ክተቱበት። ለትኩስ የተሰመረው ቀይ መስመር ከሽሮፑ ገጽ ጋር እኩል ከሆነ ልክ ነው። መስመሩ ከተዋጠ ቀጭን ነው፣ አፍሉ። መስመሩ ከላይ ከታየ ወፍሯል። በአሜሪካም በካናዳም የሽሮፕ ዝቅተኛው የስኳር መጠን ከመቶ 66 ነው፤ መሣሪያው የሚለካው እሱን ነው።

ካለፈ፦ ከምድጃው አውርዱና ያልፈላ የዛፍ ውሃ ወይም ትኩስ ውሃ በማንኪያ እየጨመራችሁ ወደ ልኩ መልሱት። የዛፍ ውሃ ከጨመራችሁ እንደገና አንድ ጊዜ ይንተክተክ።

ካረረ፦ አይመለስም። የማረር ጣዕም በማጥለልም በማቅጠንም አይወጣም። ድስቱን በውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት።

በእጃችሁ ላይ ከፈሰሰ፦ ትኩስ ሽሮፕ ከፈላ ውሃ የባሰ ነው፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ወዲያውኑ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ለሃያ ደቂቃ ያዙት። ቅቤ፣ ዘይት፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ።

ደረጃ 8፦ ማጥለልና መክደን

የደረሰ ሽሮፕ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ዝቃጭ አለ። ከዛፉ የመጣ ማዕድን ነው፤ አይጎዳም፣ ግን ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል።

1. የሱፍ ማጥለያውን በፈላ ውሃ አርጥቡና ውሃውን አንጠፍጥፉ። ደረቅ ማጥለያ ሽሮፑን ይጠጣዋል፤ የመጀመሪያ ወቅታችሁ ምርት አንድ ሊትር ከሆነ ደግሞ ያ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ማጥለያውን በሳሙና አትጠቡ፤ ሽታው ይገባል።

2. የወረቀቱን ገበር ውስጡ አድርጉና ሽሮፑን በትኩሱ ገልብጡ። ከቀዘቀዘ አይወርድም። አትጭመቁት፤ ዝቃጩን አብራችሁ ታሳልፋላችሁ።

3. የጠለለውን ከ82 እስከ 88 ዲግሪ አሙቁ። ከ88 በላይ ከሄደ አዲስ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ከ82 በታች ከሆነ ሻጋታ አይሞትም።

4. ጠርሙሶቹ ሞቀው ይቆዩ፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። እስከ አፋቸው አካባቢ ሙሉ፣ ክደኑ፣ ወዲያው ለጥቂት ደቂቃ በጎናቸው አጋድሙ፤ ትኩሱ ሽሮፕ ክዳኑንም ያጸዳዋል።

የተከደነው በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በክዳኑ መጥበቅ ካልተማመናችሁ በረዶ ቤት አስገቡት፤ ድንጋይ አይሆንም።

ከሳምንታት በኋላ ጠርሙሱ ሥር ክሪስታል ከታየ ሽሮፑ ወፍሮ ነበር፤ ፈሳሹን ቅዱና ብሉ፣ ስኳሩን ሻይ ውስጥ ጨምሩት። ዝቃጭ ብቻ ከሆነ ሳታናውጡ ከላይ ቅዱ። ሻጋታ ካበቀለ፣ ከቦካ ወይም አረፋ ከሠራ ቀጥኖ ነበር ወይም በደንብ አልተከደነም። አንዳንዶች ገፈው ያፈሉታል፤ እኔ እደፋዋለሁ።

ደረጃ 9፦ መቼ ማቆም

እምቡጦቹን በየቀኑ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ሲያብጡ የውሃው ጣዕም ይለወጣል፤ ስታፈሉት ደስ የማይል ሽታ ያመጣል፤ ያን ሽሮፕ ማንም አይጨርሰውም። ቀይና የብር ሜፕል ከስኳር ሜፕል ቀድመው ያብጣሉ፤ የሁለቱን ውሃ የምትቀላቅሉ ከሆነ የቀዳሚዎቹን ባልዲ ቀድማችሁ አውርዱ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች መውረዱን ካቆመም ወቅቱ አብቅቷል።

ቀሰሙን በጉጠት እያዞራችሁ ንቀሉ፤ ወደ ጎን አትወዝውዙት። ቀዳዳውን በእንጨት፣ በሰም ወይም በሲሚንቶ አትድፈኑ። ዛፉ ጤነኛ ከሆነ ራሱ ይዘጋዋል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይወስድበታል። የቀዳዳውን ቦታ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ዓመቱን ጻፉበት፤ በሚመጣው መጋቢት ከዚያ 15 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለባችሁ። ቀሰሞቹንና ባልዲዎቹን በሙቅ ውሃ ያለ ሳሙና እሹ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ ክዳናቸውን ሳትገጥሙ አስቀምጡ።